ኖው ሃው ያለው አማች

እትዬ ብርሃንነሽ፣ እንዴት ዋሉ? የዛሬው ነፋስ የሼክ ኑር ሰፈርን አቧራ ጠራርጎ እኛ ሰፈር መሐመድ ሞጌ ላይ ሊያራግፈው ነው መሰለኝ... ልጅዎ ማራናታስ ደህና ናት? ቅድም አየኋት፣ ውሃ በጀሪካን ተሸክማ። ምነው? ፓምፑ ተሠራ ብለውኝ አልነበር?

አይ፣ እኔ ምን አገባኝ! የሚያገባው ሌላ ነው... ያ ፓምፑን ሠራሁ ያለው ሰው ዓርብ ሽማግሌ ሊልክ ነው ሲሉ ሰምቼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት ልል ነው የመጣሁት። ተሻለ ተንኮል ይዞ መጣ እንዳይሉኝ። ስሜ ነው እንጂ ተሻለ፣ እኔስ ከማንም አልሻል።

ደግሞ ምን ዓይነት ሰው አገኙ! ሲቀመጥ «ዋናው ኖው ሃው ነው»፤ ሲነሳ «ኖው ሃው ከሌለህ አለቀልህ»። ቃሉን አየር ማረፊያ በር ላይ ከእንግዶች ሻንጣ ጋር ነው አሉ የተቀበለው። እኔ ከአምስተኛ ክፍል የወጣሁት ምን አውቄ? «ኖ» የለም፣ «ሃው» እንዴት... «እንዴቱ የለም» ማለት መስሎኝ! ቢሮ የምትሠራዋ ናስተሆ ናት ስቃ ያረመችኝ፦ «ወላሂ አንተ ልጅ! ሥራን በእጅ ማወቅ ማለት ነው።» በእጅ?... እሺ፣ እሷ ተምራለች። ግን እትዬ፣ የርስዎን ፓምፕ ሳየው የኔም ትርጉም ብዙ አልራቀም...

እጁማ በረከት አለው፣ ማን ይክዳል? ሌላው ፓምፕ ፈቶ ሲገጥም ብሎን ይጎድልበታል፤ ለሱ ተረፈው! «ሙያ በልብ ነው» ይባል የለ? የሱ ልብ መቼም ጥልቅ ነው፤ ሙያው እስካሁን ወጥቶ አላለቀም። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ... በዚህ በኩል እንኳ ምንም አይቀርበትም።

ማራናታስ ምን አለች? ዝም አለች? እንግዲህ ዝምታ እሺታ ነው ይላሉ። ጀሪካን የተሸከመ ሰውም ግን ዝም ይላል፣ ትንፋሽ አጥሮት... ልቀበልሽ ብላት «ተወው፣ ሰው ያየናል» አለችኝ። ምን ያያል? ውሃ ነው።

ይሁን፣ እናት እርስዎ ነዎት። የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላቸው። ጎጇቸውን ያሙቅላቸው። በኩራቸውንም ወንድ ያድርግላቸው... ቤቱ ያለ ወንድ እንዳይቀር።