የእትዬ ሆዳን ቢጫ ፊት

ሀርጌሳ በቤት ሠራተኝነት በገባሁ ሰሞን ነው። ጠዋት ሳህን ሳጥብ፣ አሠሪዬ እትዬ ሆዳን ፊታቸው ቢጫ ሆኖ ብቅ አሉ። እኔ ደግሞ አባቴን የቀበርኩት በወፍ በሽታ ነው! ሳህኑ ከእጄ አመለጠኝና «በማርያም! እትዬ፣ ሐኪም ቤት ይሂዱ!» ብዬ ለቅሶዬን ለቀቅኩት። ጅግጅጋ ስላደጉ አማርኛ ይችላሉ። መጀመሪያ ሳቁ፤ ለቅሶዬ የምር መሆኑን ሲያዩ ግን አቀፉኝ። «ሱብሃነላህ! ልጄ፣ ወጥ ውስጥ የምትጨምሪው እርድ እኮ ነው። እዚህ ሴቱ ሁሉ ለፊቱ ይቀባዋል።» እፎይ አልኩና «የወጥ ቅመም ፊት ላይ ይቀባል እንዴ?» ብዬ በተራዬ ሳቅኩባቸው።

እሳቸው ግን ሳቃቸውን ትተው የተላጠውን ጉንጬን ነካ አደረጉት። ሲያቃጥለኝ የሰነበተ ነው፤ እኔ የማሳብበው በፀሐዩ ነበር። «አንቺስ ምንድን ነው የምትቀቢው?» አሉኝ። ቆዳ ያቀላል ተብዬ ከገበያ የገዛሁትን ክሬም አመጣሁላቸው። አገላብጠው አዩት። የላዩን ጽሑፍ እሳቸውም እኔም ማንበብ አንችልም። «የእኔን ጓዳ ገብተሽ ታገኚዋለሽ። ይሄ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ፣ ቢጫ እንደሆኑ፣ እጄን ይዘው ሐኪም ቤት ወሰዱኝ።