የሯጯ እናት

ከብስራተ ገብርኤል በተሳፈርኩበት ታክሲ፣ ከኋላዬ ሁለት የቆዩ ጎረቤታሞች ተገናኝተው ያወራሉ።

«ልጅሽ ሩጫው እንዴት ሆነላት? ስሟን በሬዲዮ ሰምቼ ነበር።»

«ተወችው። እግሯ ተሰብሮ ተኝታለች።»

«አበስኩ ገበርኩ! ወድቃ ነው?»

«ምን ወድቃ! ደልዳላ ሜዳ ላይ እየሮጠች ቅጭ አለ እንጂ።»

«የሰው ዓይን ነው የበላት!»

«የምን ዓይን! ሐኪሙ ሲጠይቃት፣ የወር አበባዋ ከቀረ ዓመት ሊሆነው ነው አለችው። በቅጡ ሳትበላ ስትሮጥ እሱም ቀረ፣ አጥንቷም ሳሳ አለኝ።»

«አሰልጣኟ አንድ ቀን አልጠየቃትም?»

«እሱማ ‹ቀለል አልሽልኝ፣ ፈጠንሽልኝ› እያለ ለሌሎቹ ምሳሌ ያደርጋታል።»

«አንቺስ፣ የወር አበባዋ መቅረቱን አላወቅሽም?»

«አውቄያለሁ እንጂ! አርግዛለች ብዬ እየጎተትኩ ወስጄ አስመረመርኳት። የለም ሲሉኝ፣ ተመስገን ብዬ ይዣት ገባሁ።»

«ታዲያ ምን ታደርጊ፣ እናት ነሽ።»

«ተይኝ እባክሽ! እሱ የሩጫ ሰዓቷን ያያል፣ እኔ ሆዷን አያለሁ። አጥንቷን ያየላት የለም።»

ለልጄ የገዛሁትን የሩጫ ጫማ ከጭኔ ላይ አንስቼ ወንበሩ ስር አስቀመጥኩት።