በጣቴ ያጠፋሁት ፊደል

ንጉሡ እንጦጦ ላይ በከተሙ ሰሞን፣ የካ ላይ ፊደል አስተምር ነበር። ዓይነ ስውር ነኝና ተማሪ የምለየው በድምፁ ነው። አንድ ቀን ተማሪዎቼ ቁራሽ ሊለምኑ እንደወጡ፣ ከአጥሩ ማዶ የሚያርስ ገበሬ ልጁን ይዞ መጣ።

«የኔታ፣ ልጄ አይሰማም፣ አይናገርም። ግን ተማሪዎችዎን እያየ ፊደል መጫር ጀምሯል። ያስተምሩልኝ።»

«ጮኾ ያልቆጠረ በምን ይማራል? አይሆንም» አልኩት።

ወዲያው እግሬ ሥር አፈር ሲጫር ሰማሁ። ልጁ እጄን ይዞ ወደ መሬት ሳበኝ።

«የኔታ፣ ጻፈ» አለ አባቱ።

«ምን ብሎ?»

«እኔ ማንበብ የት አውቄ።»

ጎንበስ ብዬ ፊደሉን በጣቴ ስፈልግ አፈሩን በትኜ አጠፋሁት። ልጁ አለቀሰ። አባቱም ይዞት ሄደ፤ ዳግመኛ አልመጡም። የዚያን ልጅ ድምፅ የማውቀው በልቅሶው ብቻ ነው።