ለእርቅ የሚሄደው ቴስቲና

ከሆሳዕና ወደ ሞርሲቶ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠው ሰውዬ ያረጀ ብረት ታቅፏል።

«ምንድን ነው እሱ፣ ልጄ?» አሉት አጠገቡ ያሉት እናት።

«የመኪናዬ ቴስቲና ነው፣ እማማ። መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው። ተበልቶ አልቆ ነው የተቀየረው።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሃል?»

«መኪናው ሁላችንንም ጭኖ ወደ ገደል ሲጎትተኝ ሚስቴ ‹ሆን ብለህ ነው› ብላ ልጆቹን ይዛ እናቷ ቤት ገባች። ላሳያት ነው።»

«ሽማግሌ አይሻልም?»

«ይዣለሁ። ያ ከኋላ የተቀመጠው ነው፤ የቀየረልኝ መካኒክ።»

«ከተሠራ በመኪናህ አትሄድም ነበር?»

«በሱ ከመጣሁ በሩን አትከፍትልኝም።»

«ሽማግሌህ ቢነዳውስ?»

«ለምኜው ነበር። ‹ለዛሬ በታክሲ ይሻላል› አለኝ።»

ለቅሶ የምደርስበት መውረጃዬ ሲደርስ፣ ሳቄን ለማፈን ጥቁር ነጠላዬን አፌ ላይ እንደያዝኩ «ወራጅ» ሳልል አለፍኩ።