የላርናካ ጥምቀት

አውቶቡሱ ሚኒሶታ ውስጥ ሌክ ስትሪት በሚባለው ጎዳና ላይ በበረዶው መሃል ይንፏቀቃል። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወራሉ፤ አንዷ ቆጵሮስ ያለች እህቷን ጠይቃ መመለሷ ነው።

«ላርናካ ባሕሩ ጫፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጡረታ የወጣ እንግሊዝ ሁሉ ቤት ገዝቶ እዚያው ቀርቷል።»

«ምን አግኝቶ?»

«ፀሐይ ነዋ። በጃንዋሪ ልብስ በረንዳ ላይ ይሰጣል፣ ድራየር የሚባል ማድረቂያ አያውቁም።»

«ተይ እንጂ።»

«ጥምቀታቸውን ብታዪው ደግሞ። ቄሱ መስቀሉን ባሕር ውስጥ ይወረውሩታል፣ ወንዶቹ ዘለው ገብተው ያወጡታል።»

«በጃንዋሪ?»

«በጃንዋሪ። እኛ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የፕላስቲክ ገንዳ ከበን እንቆማለን።»

«ታድላ እህትሽ።»

«እሷማ የምትቀናው በእኔ ነው።»

«በምንሽ?»

«ሚኒሶታ በዊንተር ሰው ሐይቅ ላይ በእግሩ ይሄዳል ስላት፣ ‹እንደ ጴጥሮስ?› ብላ አማተበች።»

«አንቺ ሄደሽበት ታውቂያለሽ?»

«እኔማ እፈራለሁ።»

«ጴጥሮስም መስጠም የጀመረው ሲፈራ ነው።»

ከአውቶቡሱ ወርጄ በሰፈሬ ሐይቅ ዳር ወደ ቤቴ ሳልፍ፣ ቆም አልኩና ሐይቁ ላይ የረጋውን በረዶ በአንድ እግሬ ረገጥ አድርጌ አየሁት።