ጣቢያ የሌለው ሬድዮ

የእኛ መንደር ኦቾሎ ከከፍታዋ የተነሳ ደመና እንኳ አረፍ ሳይል አያልፋትም። ስለዚህ የወንድሜ ልጅ ሰማይን በሬድዮ ልታጠና ስትመረጥ አልገረመኝም። ሸማኔው ወንድሜ ግን መወርወሪያውን አስቀምጦ፣ «ለሁለተኛ ዲግሪ ሬድዮ ልትሰሚ ነው? ሬድዮ እቤት አለ፤ አትሄጂም» አላት።

«አባዬ፣ ይሄ ሬድዮ ጣቢያ የለውም። ትልልቅ የጋላክሲ መንጋዎች ሲጋጩ የሚመጣ ሞገድ ነው።»

«ከየትኛው ጋላክሲ?» አልኳት እኔ፣ እንደገባው ሰው።

«ከአንዱም አይደለም አጎቴ፤ ከመሃላቸው ነው። የሁለት መንደር ለቀስተኛ እንደ ወጋችን እየሮጠ ሜዳ ላይ ሲገናኝ አቧራው የማን ነው?»

«የሁሉም ነዋ» አለ ወንድሜ ሳያስበው።

«እንደሱ ነው። መሃላቸው ደክሞ የተኛው ብናኝ በግጭቱ ይቀሰቀስና ሞገድ ይረጫል።»

ወንድሜ ፊቱ ዳመነ። «ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም። ሁለቱ መንጋዎች አንድ ሊሆኑ ነው።»

«ታዲያ ሠርግ ነው አትይም?» አለና መወርወሪያውን አነሳ። «ይቺን ኩታ ልጨርስልሽና ትሄጃለሽ። ሠርግ ያለ ኩታ አይኬድም።»

እኔ አርባ ምንጭ ድረስ ሸኘኋት። ወሬውን ላገኘሁት ሁሉ፣ ጫሞ ሐይቅ ዳር ለተኙት አዞዎች ሳይቀር ነገርኩ። አፋቸውን ከፍተው ነው የሰሙኝ።