ከስምንቱ ጋር ማን ይገባል?

እስቲ አንዴ ዝም በሉልኝ፤ የእኔ ድምፅ እንደ ዶክተሯ አይሰማም። ብዙ አላወራም። ግን ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ጋሼ ባለፈው ሳምንት ሻይ ክፍል ውስጥ የጠየቁንን ሳልመልስ አልቀመጥም።

ጋሼ፣ አሳማ ጠባቂ ሆነው ወደዚህ ቤተ ሙከራ መጀመሪያ የመጡ ቀን ሁላችንም መስኮት ላይ ነበርን። ድንክ አሳማዎቹ በመኪና መጡ። ሾፌሩ ጋሪ ቢያቀርብልዎ፣ «ለድንክ ደግሞ ምን ጋሪ ያስፈልጋል! አንዱን በዚህ ብብቴ፣ አንዱን በዚያ ይዤ እገባለሁ» አሉ። በሩ ተከፈተ። አርባ ኪሎ የሚመዝን ፍጥረት በእግርዎ መሃል ሾልኮ፣ ጭኖዎት እየጋለበ ወስዶ ሒሳብ ክፍል በር ላይ አራገፈዎት። ገንዘብ ያዥዋ ስትጮህ፣ ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ «ድንኩ ይሄ ከሆነ ትልቁን እንዳታሳዩኝ!» አሉ።

«ቀስ» የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በር ሲዘጋ «ቀስ!» ባልዲ ሲቀመጥ «ቀስ!» የደነገጠ አሳማ ደሙ ሲመረመር ይዋሻል ይላሉ። ዶክተሯ ስታስነጥስ እንኳ «ቀስ!» ብለዋታል። ጋሽ ቀስታ ያልንዎት ወደን አይደለም።

የስኳር ድንቹንስ ማን ይረሳል? የአንድ አዲስ መድኃኒት ጉዳት ሲፈተሽ፣ ብዙ የሚወስዱት አሳማዎች ወፈሩ፤ ጥቂት የሚወስዱት ባሉበት ቀሩ። ዶክተሯ «መድኃኒቱ ያወፍራል» ብላ ልትጽፍ ስትል የጋሼ ኪስ አብጦ አየች።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ስኳር ድንች።»

«ለማን?»

«ትልቁን መርፌ ለሚወጉት ነዋ! አፋቸው ባዶ ይዋል?»

«ለሌሎቹስ?»

«እነሱ ደግሞ ምን ሆኑና!»

ሥራው ከሀ ተጀመረ። ዶክተሯ ስንት ቀን አኮረፈችዎት! በመጨረሻ ግን ስኳር ድንች ለሁሉም እኩል ተመዝኖ ይሰጥ ተባለ። እስከ ዛሬም ይሰጣል።

አሁን አትሳቁ። የአሳማ ቆዳና ልብ የእኛን ይመስላል፤ ለዚህ ነው መድኃኒቱን ቀድመው የሚቀምሱልን። ጥናቱ ሲያበቃ እነሱም ያበቃሉ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ አንድ ቀን አውርተነው ግን አናውቅም። ጋሼ ባሉበት አንድም አሳማ ብቻውን ወደዚያ ወደ ማብቂያው ክፍል ገብቶ አያውቅም። አሳማው በእግሩ አብሯቸው ይሄዳል፤ ማደንዘዣው እስኪይዘው ከጆሮው ጀርባ እያከኩ ያወሩታል። ትኩሳት ይዟቸው እንኳ ካፖርት ደርበው የመጡበት ቀን አለ።

ባለፈው ሳምንት በረት የቀሩትን ስምንት አሳማዎች አስበው «እኔ ስሄድ ከስምንቱ ጋር ማን ይገባል?» ሲሉን፣ ዶክተሯ ስኒዋን አየች፤ ወጣቶቹ ስልካቸውን። እኔ ዕቃ ላጥብ ብዬ ወጣሁ። ጋሼም፣ ደረጃ አልወጣ ያለ ጉልበታቸውን እያሹ «እንግዲያ ጡረታውን ላቆየዋ» አሉ።

እኔ የናሙና ዕቃ አጣቢ ነኝ። የዚያን ክፍል ደፍ አልፌ አላውቅም። ባለቤቴ ሆስፒታል ሲያርፍም ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። ጋሼ፣ «ለምን አትገቢም?» ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ለዚህ አመሰግንዎታለሁ። ይልቅ ምሳ ሰዓት ብቻዬን ሳነብ አይተው፣ «እታለም፣ ለራስሽ ብቻ ከምታነቢ ጮክ በይላቸው፤ የሰው ድምፅ ይልመዱ» ብለው በረቱ ደጃፍ ወንበር አኖሩልኝ። እነዚህ ስምንቱ አሁን ድምፄን ያውቃሉ። ስጀምር እየተጋፉ መጥተው አጥሩ ሥር ይተኛሉ።

ስለዚህ ጋሼ፣ እኔ እገባለሁ። ለዶክተሯ ትናንት ነግሬያታለሁ። እስኪያንቀላፉ ድረስ ከአጠገባቸው አልነሣም።

በሉ ብርጭቋችሁን አንሡ። ጋሼ፣ ነገ ጠዋት እንዳይመጡ። ይተኙ። ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ ከልጆችዎ ጋር ፀሐይ ላይ የሚቀመጡበት ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ። እዚህ ያለውን ለእኛ ይተዉት።

ለጋሼ ጤና!